ብቻዋን የቆመችው ዘጠነኛ

ሎን ሐይቅ፣ ሚሺጋን
ጃንዋሪ 11 ቀን 2009

ለቱሊኪ ካንጋስ
ኦውሉ፣ ፊንላንድ

ሰላም ከደጃፍሽ አይጥፋ፤ ለእናትሽም ዕድሜ ይጨምርላት። እኔ ከግራ ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ቢሆን በረዶ ከመጥረግ አላስቀረኝም።

ይህን የምጽፍልሽ እኔ ራሴ ነኝ። አባቴና አያትሽ የወንድማማች ልጆች ነበሩ፤ ፊቴን ግን አታውቂውም። በየገናው ካርድ ትልክልሽ የነበረችው ሚስቴ ሌምፒ ናት፤ የእኔ ድርሻ ከታች ስሜን ማኖር ነበር። ሌምፒ ኦክቶበር ማለቂያ ላይ አረፈች። አራተኛ ክፍል ሳልጨርስ ለግንድ ቆረጣ የወጣሁ ሰው ነኝና ፊደሉ ቢወላገድ እያቃናሽ አንብቢው። ወረቀትና ፖስታ ፍለጋ ብቻ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። በዚህ ቤት የቱ ዕቃ የት እንደሚቀመጥ የምታውቀው እሷ ነበረች። ፖስታዎቹን በዳቦ ሣጥን ውስጥ አገኘኋቸው። የጨው ዕቃውን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ጉዳዬ ይህ ነው። እኛ መንደር በየብርዱ ወራት ሞተሩ የወጣለት፣ ዘይቱ የታጠበለት አሮጌ መኪና ሐይቁ በረዶ ላይ እናቆማለን። በረዶው ሳስቶ መኪናው የሚሰምጥበትን ቀንና ሰዓት ሰዉ ይገምታል። በጣም የቀረበው አንድ ጭነት ማገዶና ጎረቤቴ አርቪድ በጭስ ያደረቀውን ዓሣ ይወስዳል። ከመኪናው እስከ ጀልባ ቤታችን ገመድ ተዘርግቷል። መኪናው ሲሰምጥ ገመዱ ማብሪያውን ይስባል፣ የሌምፒ ኮምፒውተር ሰዓቱን ይዞ ቀጥ ይላል፣ ከዚያም ግምቱን ማን እንደ መታ ይናገራል። ፕሮግራሙን የጻፈችው እሷ ናት። ከ1994 ጀምሮ አንድም ዓመት አሳፍሮን አያውቅም።

ዘንድሮ ታመመ። ይነሣል፣ ይሠራል፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ይደርቃል። የግምቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ቨርና መጥታ አየችው።

«ሬይኖ፣ ይሄ ነገር ዕድሜውን ጨርሷል። ካሜራ እናቆማለን፣ አለቀ» አለችኝ።

«እኔም ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። በእኔ ቦታ ምን ልታቆሚ ነው?»

«ምንም ይሁን ብቻ የማይከራከረኝ ነገር።»

እስከ ኤፕሪል ሃያ ካልዳነ ከጀልባ ቤቱ ታወጣዋለች። አንቺ አሮጌ ኮምፒውተር እንደምትጠግኚ ሌምፒ ነግራኛለች። ስልክ አልወድም፤ ጆሮዬ ግማሹን ይጥለዋል። አንቺ በጽሑፍ ንገሪኝ እንጂ እጄ አያቅተውም፤ አርባ ዓመት የዓሣ መረብ የጠገነ እጅ ነው።

ሬይኖ ካንጋስ


ኦውሉ
ጃንዋሪ 27 ቀን 2009

ለተከበሩት አጎቴ ሬይኖ፣

እግዚአብሔር ያጽናዎት። የሌምፒን ነፍስ በብርሃን ያኑርልን። እናቴም እኔም ደብዳቤዎን እያነበብን አለቀስን፤ ቨርና ጋ ስንደርስ ደግሞ ሳቅን። የላከቻቸውን ካርዶች በሙሉ አስቀምጬአቸዋለሁ። ከታች ያለው ስምዎ ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አይቀረውም ነበር። እናቴ በየዓመቱ «ይሄ ሰውዬ በብዕር ነው በሚስማር የሚጽፈው?» ትላለች።

አጎቴ፣ በሽታውን የማውቀው ይመስለኛል። ኮምፒውተሩ ቶሎ ቶሎ የሚፈልጋትን ነገር ሁልጊዜ ሩቅ ሄዶ ከማምጣት አጠገቡ የሚያኖርባት ትንሽ መደርደሪያ አለችው፤ ካሽ ትባላለች። በዚያ ዘመን ማዘርቦርድ በሚባለው የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ ላይ ካሽ የሚሆኑት በመሰኪያ የተተከሉ፣ እንደ መቶ እግር ትል ግራና ቀኝ እግር ያላቸው ጥቁር ቺፖች ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ሲያረጅ፣ ሲሞቅ ይሳሳታል፤ ኮምፒውተሩም ይደርቃል።

መጀመሪያ እንፈትነው። ሲነሣ «ዴል» የሚለውን ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑ፤ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። እዚያ «ኤክስተርናል ካሽ» የሚለውን ያጥፉት። ቀኑን ሙሉ ሳይደርቅ ከዋለ በሽታው ካሹ ላይ ነው። እንዲያውም እንደ ጠፋ ሊተዉት ይችላሉ፤ ትንሽ ይንቀራፈፋል እንጂ ይሠራል።

እናቴ የጨው ዕቃውን ምድጃው ጀርባ ይፈልጉ ብላለች።

ቱሊኪ


ሎን ሐይቅ
ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009

ለቱሊኪ፣

እጅሽን ይባርከው፤ ቤትሽ ሙቀት አይጣ። ምድጃው ጀርባ የለም። ለእናትሽ ግን ምስጋናዬን አድርሺ፤ የጠፋብኝን ማንኪያ አገኘሁ።

እንዳልሽው አጠፋሁት። ሁለት ቀን ሙሉ አልደረቀም። ግን አንቺ «ትንሽ ይንቀራፈፋል» ያልሽው ነገር ትንሽ አይደለም። ሬዲዮው አንድ ደቂቃ ሲሞላ የሌምፒ ሰዓት ገና ሃያ አምስት ሰከንድ ላይ ነው። ሌምፒ በየጠዋቱ ከሬዲዮ ጋር ታስተካክለው ነበር፤ እንዲህ ያለ መጎተት ግን በሷ ጊዜ አልነበረም። በዚህ ሰዓት መኪናው ዛሬ ቢሰምጥ ትናንት ሰመጠ ይለናል። ቨርና ይህን ካየች ለካሜራዋ አጨበጨበች ማለት ነው።

ባለፈው ያልጻፍኩልሽ አንድ ነገር አለ። ሌምፒ በየዓመቱ በመጀመሪያው በረዶ የራሷን ግምት ኮምፒውተሩ ውስጥ ትከት ነበር። የሚስጥር ቃሉን ከሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ስትመታ ታይታ አታውቅም፣ የከተተችውንም ለማንም አትናገርም። ዘንድሮም ከመሞቷ ሁለት ሳምንት በፊት ኮምፒውተሩን ከጀልባ ቤቱ አምጥቼላት፣ ትራስ አስደግፌያት ስትጽፍ አይቻለሁ። ምን እንደ ጻፈች ጠየቅኋት፤ «ገመዱ ሲሳብ ታየዋለህ» አለችኝ። እና እኔ ማየት አለብኝ። ጉዳዩ ይኸው ነው።

ዲስኩን ልከፍትልህ እንዳትይኝ። ገመዱ ሲሳብ ብላለች፣ ገመዱ ሲሳብ ይሆናል።

እኔ ራሴ በግምቱ ገብቼ አላውቅም። ሐይቁን የሚያውቅ ሰው መገመት አያስፈልገውም። ገብቼ ቢሆን ኖሮ በየዓመቱ ማገዶው የኔ ነበር፤ ይህን ለአርቪድ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ።

ስለዚህ ቺፖቹን ላኪልኝ። ከፍቼ አይቻቸዋለሁ፤ አራት አራት ሆነው በሁለት ረድፍ ቆመዋል፣ ስምንት ናቸው። ሁለት ጊዜ ቆጥሬአለሁ። በጀርባቸው ላይ ያለውን ጽሑፍ በአጉሊ መነጽር እያየሁ እንዳለ ገልብጬ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

ሬይኖ


ኦውሉ
ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2009

ለተከበሩት አጎቴ ሬይኖ፣

ጤናዎ ይብዛልኝ፤ ጉልበትዎም ይመለስልኝ። ዲስኩን አልከፍትም፣ ቃሌ ነው።

የሰዓቱ ነገር ገብቶኛል። ሌምፒ ሰከንዱን ያስቆጠረችው በራሱ በኮምፒውተሩ ፍጥነት ነው። ካሹ ሲጠፋ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ሰከንዱም አብሮ ይረዝማል። ስለዚህ እውነትዎን ነው፤ ካሹ መዳን አለበት። አገለባበጥዎ አንድ ፊደል አልሳተም። ስምንት ቺፕ ልኬአለሁ፤ እያንዳንዱን እዚህ ፈትኜዋለሁ።

አደራዎን፦ አሮጌውን ሲያወጡ በቀጭን ካቻቢቴ አንዴ ከዚህ ጫፍ፣ አንዴ ከዚያ ጫፍ በትንሽ በትንሹ ያንሡት፤ ባንድ ወገን ከፈነቀሉት እግሩ ይሰበራል። አዲሱን ሲተክሉ በአንድ ጫፉ ያለችው ጎድጎድ ያለች ምልክት አሮጌው ወደ ዞረበት ትዙር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሱፍ ሹራብ ለብሰው እንዳይነኩት። በብርድ ወራት የቤት አየር ደረቅ ነው፤ ከሱፍ የሚነሣው ብልጭታ ለእርስዎ ምንም አይደለም፣ ቺፑን ግን ይገድለዋል። አየሩ እርጥበት ቢኖረው ጥሩ ነበር።

ቱሊኪ


ሎን ሐይቅ
ማርች 15 ቀን 2009

ለቱሊኪ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ይህን የምጽፈው በንዴት ስለሆነ ምርቃቱን አሳጥሬዋለሁ።

ያልሽውን ሁሉ አድርጌአለሁ። ሹራብ አትልበስ አልሽ፤ በቤቴ ውስጥ ሱፍ ያልሆነ ልብስ የለኝም። አየሩ እርጥብ ይሁን አልሽ። ስለዚህ ኮምፒውተሩን በእንፋሎት ወደምንታጠብበት ሳውና አስገባሁት። እሳቱን ለብ እንዲል ብቻ አነደድኩ፣ ድንጋዩ ላይ ሁለት ጭልፋ ውኃ ረጨሁ፣ ልብሴን አውልቄ ፎጣዬን አገልድሜ ሥራዬን ጀመርኩ። አርቪድ ፒንሳዬን ሊዋስ መጥቶ በሩን ሲከፍት እንዳየኝ ደርቆ ቀረ።

«ኮምፒውተሩን እያጠብከው ነው?»

«ዝጋው፣ እርጥበቱ ይወጣል።»

«እንደ ሳውና ደንባችን ጀርባውን በቅጠል ልምታልህ ወይስ እሱ አይወድም?»

ወሬው በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ደርሷል።

ስምንቱንም አወጣሁ፣ ስምንቱንም ተከልኩ። የአንዱ እግር ታጥፎብኝ ዝንብ መሳይ የዓሣ መንጠቆ በማስርበት ፒንሳ አቀናሁት። ሦስት ቀን አደረቅሁት። ካሹን አበራሁት። ሰዓቱ እንደ ድሮው ሳይዛነፍ ሄደ፣ ደስ አለኝ፣ ቡና አፈላሁ። ቡናዬን ሳልጨርስ ደረቀ።

እንግዲህ ጥፋቱ የኔ አይደለም። የላክሽልኝ ቺፖች የበሰበሱ ናቸው። ገልብጦ ተክሎት ነው እንዳትዪኝ ማዘርቦርዱን በዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ላይ ነድፌልሻለሁ። ምልክቶቹ ሁሉ ወዴት እንደ ዞሩ እዪ። የማይመለከተንን ነገር አልነደፍኩም። አሮጌዎቹን ስምንት በሌምፒ የልብስ ቁልፍ ማኖሪያ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጬአቸዋለሁ፤ ከአዲሶቹ የሚያንሱ አይመስሉም።

ሬይኖ


ሎን ሐይቅ
ማርች 31 ቀን 2009

ለቱሊኪ፣

ደህንነትሽን እመኛለሁ፤ የእናትሽንም።

ደብዳቤሽ አልደረሰኝም። ፖስተኛዋ በረዶው ስለከበደ ነው ትላለች። ይሆናል።

ቺፖቹን እንደገና አየኋቸው። ከውጭ ሲታዩ የበሰበሱ አይመስሉም። መብራት ላይ አድርጌ አየኋቸው፣ ያምራሉ። ይህን ያልኩት እንዲያው ነው።

የሐይቁ በረዶ ዳር ዳሩን ሳስቶ ጠቁሯል። አርቪድ መኪናው ጎማ ሥር ውኃ አይቷል። ዘንድሮ የቆመው የሱ አረንጓዴ መኪና ነው፤ በየቀኑ እየሄደ የታመመ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው አጠገቡ ይቆማል። ቨርና ካሜራዋን ገዝታለች። እስካሁን ከካርቶኑ አላወጣችውም።

ሳውና ውስጥ ማስገባቱ ስህተት ከነበረ ንገሪኝ። ምናልባት ቢሆን ብዬ ነው።

ሬይኖ


ኦውሉ
ኤፕሪል 3 ቀን 2009

ለተከበሩት አጎቴ ሬይኖ፣

በሰላም ይቆዩኝ። ሥዕልዎ ከደረሰኝ ቀን ጀምሮ ዝም ያልኩት ስለ ተቆጣሁ ነው። «የበሰበሰ» የሚል ቃል ለቺፖቼ ተነግሮ አያውቅም። እናቴ ግን ሥዕሉን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋ፣ ኮምፒውተር ሳውና አስገብቶ የሚጠግን ዘመድ አለን እያለች ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታሳያለች። ይህን ከፊንላንዳዊ ዘር በቀር ማንም አያስበውም ብለዋል ጎረቤቶቻችን። ሁለተኛ አያድርጉት እንጂ ለአሁኑ ያመጣው ጉዳት የለም።

ትናንት እናቴ ወተት ልታወጣ ስትል ሥዕሉ ፊት ቆመች። «ቱሊኪ፣ ይህ ሰው ብሎን እንኳ ሳይቀር ሁሉንም ነድፎ እዚህ ጋ ለምን ነጭ ተወ?» አለችኝ። አየሁት። ከሁለቱ ረድፎች ጎን፣ ለብቻዋ፣ አግድም የተኛች ቺፕ የምታህል ባዶ ቦታ አለች።

አጎቴ፣ እዚያ አንዲት አለች አይደል? ከረድፉ ስለ ወጣች አልቆጠሯትም።

ስምንቱ ዕቃውን የሚይዙ ናቸው። ዘጠነኛዋ ምንም ዕቃ አትይዝም፤ የቱ ዕቃ የት እንደ ተቀመጠ የምታውቀው እሷ ናት። እሷ ከሳተች ስምንቱ ደህና ቢሆኑም ምንም ዋጋ የላቸውም፤ ኮምፒውተሩ በራሱ ቤት ውስጥ ዕቃ ጠፍቶበት ይደርቃል።

የኔን ቺፕ መጠበቅ አያስፈልግዎትም። አሮጌዎቹ ስምንት በደል የለባቸውም፤ በጀርባቸው ያለው ጽሑፍ ከዘጠነኛዋ ጋር አንድ ከሆነ ከቆርቆሮው አንዱን ያውጡና በሷ ቦታ ይትከሉት። ቶሎ ይበሉ።

ቱሊኪ


ሎን ሐይቅ
ኤፕሪል 28 ቀን 2009

ለልጄ ለቱሊኪ፣

ምርቃቱን ዛሬ አላሳጥርም። ዕድሜሽ ይርዘም፣ እጅሽ አይዛል፣ የሠራሽው ሁሉ ይጽና። እናትሽን ዓይኗን ይጠብቅልኝ፤ ያን ነጭ ቦታ ያየ ዓይን የአሞራ ዓይን ነው። ለቺፖችሽም ይቅርታ ጠይቄአለሁ፤ ለያንዳንዳቸው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ኤፕሪል 15 ነው። ዘጠነኛዋ ያልሽው ቦታ ላይ ነበረች። ስምንት ሆኖ ያለ ዘጠነኛ መኖር ምን እንደሚመስል ከኦክቶበር ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ የጨው ዕቃ የሌለው ቤት ነው። ከዚያ ተነሥቼ ከቁልፍ ቆርቆሮው አንዷን አወጣሁ። ጽሑፏ አንድ ነው። ሳውና አልገባሁም፤ የሌምፒን የጥጥ ሽርጥ ለብሼ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ተከልኳት።

አንድ ቀን ዋለ፣ አልደረቀም። አራት ቀን ዋለ። በኤፕሪል ሃያ ቨርና ካሜራዋን በካርቶኑ ተሸክማ መጣች። ሬዲዮውን ከፈትኩላት። የሌምፒ ሰዓትና ሬዲዮው አንድ ላይ ሲደውሉ ሰማች።

«ካሜራውን ምን ላድርገው እንግዲህ?» አለችኝ።

«ሲከራከሩሽ ፎቶ አንሺበት።»

መኪናው የሰመጠው እሑድ በ26 ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ አንድ ደቂቃ። መጀመሪያ አፍንጫውን አዘቀዘቀ። አርቪድ ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ በረዶው እንደ እንጨት ተሰነጠቀ፣ ገመዱ ተወጠረ፣ ማብሪያው ጠቅ አለ። አርባ ሰው የሚሆን ጀልባ ቤቱ ውስጥ ታጭቋል። ኮምፒውተሩ ሰዓቱን ይዞ ቆመ። ዝም አለ። እኔ ደረቀ ብዬ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ማሰቡ ነው ለካ።

የመታው አርቪድ ነው፣ በአራት ደቂቃ ብቻ ስቶ። መኪናውም የሱ፣ ዓሣውም የሱ፣ ሽልማቱም የሱ። ሰዉ በሳቅ አለቀ።

ከዚያ ሌላ ገጽ መጣ፤ ላዩ ላይ ስሜ አለ። ቨርና ልታነብልኝ አፏን ከፈተች። «እኔ ራሴ አነባለሁ» አልኳት። ስንት ጊዜ እንደ ፈጀብኝ አልነግርሽም፤ አርባ ሰው ቆሞ ጠበቀኝ።

ቱሊኪ፣ ሌምፒ የራሷን ግምት አልነበረም የምትከተው። የኔን ነበር። በየዓመቱ የመጀመሪያው በረዶ ሲወርድ መስኮት ላይ ቆሜ «ዘንድሮ በዚህ ቀን ይሰምጣል» ማለት ልማዴ ነው። እሷ ከኋላዬ ሆና «በስንት ሰዓት?» ትለኛለች። እኔ ለወሬ መስሎኝ ሰዓቱንም እነግራታለሁ። ባለፈው ኦክቶበር እንኳ አልጋዋ ላይ ሆና ጠይቃኛለች።

ሁሉም በዝርዝር ወጣ። 1994፣ ሬይኖ ካንጋስ፣ በስድስት ቀን ስቷል። 1995፣ በአሥራ አንድ ቀን። 1998፣ በሃያ ሁለት ቀን፤ ያን ዓመት ትዝ ይለኛል፣ አርቪድን የሰደብኩበት ነው። አሥራ ስድስት ዓመት፣ አሥራ ስድስት ስህተት፣ ሁሉንም ጮክ ብዬ በራሴ አፍ አነበብኩ። አንድም አልመታሁም። ዘንድሮ እንኳ ቀኑን አግኝቼ በሰባ አንድ ደቂቃ ሳትኩ። አርቪድ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«በየዓመቱ ማገዶው የኔ ነበር ይል የነበረው ሰው አንተ ነህ?» ይለኛል።

እኔም ሳቅሁ። ከኦክቶበር ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዝርዝሩ በታች ይህ ተጽፏል፣ ቃል በቃል ገልብጬልሻለሁ፦ «ዘንድሮም አልሆነልህም፣ ሬይኖ። ከእንግዲህ ራስህ አስገባ። ሌላ የጻፍኩልህ ነገር አለ፤ የሚወጣው ግምቱን በመታህበት ዓመት ነው። የጨው ዕቃው ጀልባ ቤቱ ውስጥ ነው፣ ለዓሣው ብለህ የወሰድከው አንተ ነህ።»

ቀና ብዬ አየሁ። መደርደሪያው ላይ፣ ራሴው ያስቀመጥኩበት ቆሟል።

ከዚያ ኮምፒውተሩ «ለ2010፣ ቀን? ሰዓት?» ብሎ ጠየቀኝ። በአንድ ጣቴ ቁልፉን እየፈለግሁ አስገባሁ። የመጀመሪያውን በረዶ አልጠበቅሁም። ምን እንዳስገባሁ አልነግርሽም።

ያ ሌላው ጽሑፍ ምን እንደሚል ዲስኩን ከፍተሽ ማየት እንደምትችዪ አውቃለሁ። ማንም ቢልክልሽ እንዳትከፍቺው። እኔ መትቼ አየዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። የዘጠነኛዋን መለዋወጫ ላኪልኝ፤ አንድ ሳይሆን አምስት ስድስት አድርጊው። በአገማመቴ ከሆነ ይህ ኮምፒውተር ገና ብዙ ዓመት መሥራት አለበት፤ እኔም እንደዚሁ።

አጎትሽ ሬይኖ